ቤትህን እሰረው

ልጄ፣ የዘንድሮው ቡና ጥሩ ዋጋ እንዳወጣልህና የአባትህን ቤት አፍርሰህ በብሎኬት ልትሠራ መነሣትህን ሰማሁ። እሰይ! የወንድሜ ልጅ ሰው ሆኖ፣ ቤት ሠርቶ ከማየት በላይ ለሽማግሌ ምን ደስታ አለ? ስለ ግንባታው ምክር ስትጠይቀኝ ግን በመሐል ጣል ያደረግካት ነገር ከልቤ አልወጣ አለች። «ጋሼ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የአዋሽና የመተሐራ ጉዳይ ነው እንጂ የካፋዋን መንደራችንን ማንኪራን ምን አገኛት?» ነበር ያልከኝ። እንደ አንተ የሚያስብ ብዙ ነው። ቦንጋ ላይ ፎቅ የሚያቆሙትም ይህንኑ ይላሉ። ስለዚህ ነገሩን ረዘም አድርጌ ልጽፍልህ ወደድሁ፤ ለወንድሞችህም አንብብላቸው።

በመጀመሪያ እውነት ያለበትን ልቀበልህ። ካፋ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አይደለችም። ምድራችን ከአፋር ተነሥቶ በአዋሽ፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በአባያና በጫሞ አድርጎ ወደ ኬንያ በሚወርደው ስንጥቅ እየተከፈለች ነው። በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ ስንጥቁ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር እንደሚሰፋ አጥኚዎቹ ለክተውታል። እኛ የምንኖረው ከዚያ በስተ ምዕራብ፣ ከኦሞ ወዲህ ባለው ደጋ ላይ ነው። የእኛ ስጋት ከመተሐራ ሰው ስጋት እኩል ነው የሚልህ ካለ አትስማው፤ የእኛ ያነሰ ነው። ግን አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 ዓ.ም. ሆሳዕና አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ በመለኪያው ከ5 ቢያልፍ በጥቂት ነው፤ ሆኖም ጅማ ድረስ ተሰምቶ፣ በድንጋጤ ሲሯሯጡ የተጎዱ ተማሪዎች ነበሩ። ጅማ ጎረቤታችን ናት፤ እሷን የነካ እኛን አይነካም ብሎ የማለልን የለም። ወደ ምዕራብ ብትዞር ደግሞ ሱዳን ገና አንድ አገር ሳለች፣ ግንቦት 12 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ በደቡቧ በጁባ አቅጣጫ ከ7 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ደርሷል። እኛ በሁለቱ መካከል ነን።

ብልህ በሰው ይማራል፣ ሞኝ በራሱ ይላሉ። የምንማርበት ሩቅ አይደለም። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል፣ ከምድር በታች የቀለጠ ድንጋይ ወደ ጎን እየሰረገ አገሩን ሲያናውጠው ከረመ። ታኅሣሥ 26 ቀን 5.8 ገደማ፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6 የደረሰ ተመዘገበ። መንግሥት ከአፋርና ከኦሮሚያ ወረዳዎች 80,000 ያህል ሰው ከስጋቱ ስፍራ እንደሚያወጣ አስታወቀ። ቤት ተሰነጠቀ፣ መንገድ ተሰነጠቀ፣ ትምህርት ተቋረጠ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰው በሌሊት ሕፃናቱን አቅፎ ደጅ ወጣ። እኛ ደግሞ እዚህ የሚወዛወዝ አምፖል በስልክ እያየን «ጉድ ነው» አልን፤ ከዚያም ወደ ቡናችን ተመለስን። የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል።

ይህ እንግዳ ነገር እንዳይመስልህ። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከላንጋኖ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አስደንግጧል። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ካራቆሬና ማጀቴ ላይ ተደጋግሞ ቤት ጥሏል፤ የአስመራውን መንገድ ሰነጣጥቋል። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በአሰብ መንገድ ላይ የነበረችው ሰርዶ ፈርሳ ከ20 በላይ ሰው ሞቷል። ይህን ሁሉ ዛሬ የምናውቀው የሚመዘግብ ሰው ስለነበረ ነው። ፒየር ጉዋን የሚባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ አቋቁመው፣ የዘመኑን በመሣሪያ፣ ያለፈውን ደግሞ ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ጽሑፍ እየለቀሙ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመዋል። ያ ጣቢያ ነው ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት የሆነው። በ2017 በሬዲዮና በቴሌቪዥን ደጋግመው ሲያስረዱን የሰማናቸው ፕሮፌሰር አታላይ አየለም የዚያ ቤት ሰው ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ምን ማለት እንደሚችሉና እንደማይችሉ ለይተህ ያዝ። የት የት እንደሚያሰጋ፣ ምን ያህል ሊበረታ እንደሚችል፣ ከስር ምን እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ይነግሩሃል፤ ቀኑንና ሰዓቱን ግን በዓለም ላይ የሚነግርህ አንድም አዋቂ የለም። በዚያ ሰሞን «ነገ ማታ ከሌሊቱ በዚህ ሰዓት ይመጣል» የሚል ወሬ በየስልኩ ሲዞር እኛ መንደር እንኳ በር ከፍቶ ያደረ ነበር። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት። ሰዓት ቆርጦ የሚነግርህን አትስማ፤ «ቤትህ እንዴት ነው የተሠራው?» ብሎ የሚጠይቅህን ግን ቁጭ አድርገህ ቡና አጠጣው።

ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነውና። ሜዳ ላይ የቆመን ሰው መንቀጥቀጡ ብቻውን አይገድለውም፤ የሚገድለው የወደቀበት ግድግዳ ነው። በ2002 ዓ.ም. ጥርና የካቲት በሁለት አገሮች የሆነውን ልንገርህ። ጥር 4 ቀን ሄይቲ ላይ 7 የደረሰ መንቀጥቀጥ መጥቶ ከ100,000 በላይ ሰው ጨረሰ። የካቲት 20 ቀን ቺሊ ላይ 8.8 መጣ፤ በጉልበት ስታሰላው የሄይቲውን 500 እጥፍ ያህላል። ቺሊ ላይ የሞተው ግን 500 ገደማ ነው። የሄይቲው ለዋና ከተማዋ በጣም መቅረቡ እንደጎዳት አልክድም። ዋናው ልዩነት ግን ቺሊዎች ከአያት ከቅድመ አያት መቀጥቀጣቸውን ሳይረሱ ሕግ አውጥተው፣ ሕጉን ሲሚንቶው ላይ እስከሚታይ ድረስ ማስከበራቸው ነው።

አሁን ወደ አባትህ ቤት እንግባ። ከማፍረስህ በፊት አንድ ማለዳ ውስጡ ገብተህ ወደ ላይ ተመልከት። መሐል ምሰሶው አለ፣ ዙሪያውን ወጋግራው፣ በላዩ የተጠፈረው ማገር። መጋጠሚያውን በእጅህ ዳስሰው። ምስማር አታገኝበትም፤ ከደን የመጣ ሐረግ እርጥብ ሳለ ሦስት አራት ጊዜ ተጠምጥሞ፣ ጫፉ በራሱ ሥር ተሸጉጦ፣ እንደታሰረ ደርቆ ቀርቷል። ከጥቀርሻው የተነሣ ጥቁር ነው፤ ብትጎትተው አይንቀሳቀስም። ኃይለኛ ነፋስ በመጣ ጊዜ ይህ ቤት ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ያጋድላል፣ ይመለሳል። ምርጉ ሊረግፍ ይችላል፤ አጥንቱ ግን አብሮ ነው የሚነቃነቅ። አባቶቻችን የመንቀጥቀጥ ትምህርት ስለተማሩ አይደለም እንዲህ የሠሩት። ዝናቡና ነፋሱ አስተማራቸው፤ ቀላል ነገር ሠርተው ጠፍረው አሰሩት። አፋሮችም ከእንጨትና ከሰሌን የሚያቆሙት ቤት ቢወድቅ እንኳ ሰው አይገድልም።

የጭቃ ቤት አይወድቅም እያልኩህ አይደለም። ምስጥና እርጥበት ምሰሶውን ከግርጌው ከበላው፣ ማገሩ ከላላ፣ የከበደ ምርግ ደራርበህ ከጫንክበት፣ እሱም አያድንም። እሳትም ጠላቱ ነው። ብሎኬት መፈለግህ አያስወቅስህም። የምፈራልህ ሌላ ነገር ነው፤ ከአሮጌው ቤት ወጥተህ የአዲሱን ቤት ክብደት ትወስድና ማሰሪያውን ትተወዋለህ ብዬ ነው። ዛሬ በየመንደሩ የማየው ይህንኑ ነው፦ ድንጋይ መሠረት፣ በላዩ ብሎኬት በብሎኬት፣ በላዩ ቆርቆሮ፤ በመካከላቸው የሚያያይዛቸው ምንም የለም።

ክብደት ለምን ጠላት እንደሚሆን ልንገርህ። ከቦንጋ ጅማ ስትሄድ መኪናው ላይ ቆመህ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ፣ እግርህ ከመኪናው ጋር ይቀራል፣ ደረትህ ወደፊት ይሄዳል፤ ትከሻህ ላይ የቡና ጆንያ ካለ ደግሞ ይዞህ ይወድቃል። ምድር ስትንቀጠቀጥ መሠረቱ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፣ ግድግዳውና ጣሪያው ባሉበት ሊቀሩ ይፈልጋሉ። ቤቱ በከበደ ቁጥር የሚነጥለው ኃይል ይጨምራል። መጀመሪያ የሚከፈተው ማዕዘኑ ነው፤ ሁለቱ ግድግዳዎች ይላቀቃሉ። ከዚያ አንዱ ብቻውን ወደ ውጭ ይወድቃል፤ ጣሪያው ይከተለዋል።

ስለዚህ እሰረው። ከድንጋዩ መሠረት በላይ ግሬድ ቢም፣ ማለትም ፌሮ ያለበት የአርማታ መቀነት፣ ይዙር። በበርና በመስኮቱ ራስ ላይ ሊንቴል ይዙር፤ በሩ ላይ ብቻ ተቆርጦ አይቅር። ከግድግዳው ጫፍ ላይ ቶፕ ታይ ቢም ይዙር። ሦስቱም ቤቱን ዙሪያውን ሳይቋረጡ ይያዙት፤ ማዕዘን ላይ ፌሮው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ታጥፎ ይለፍ እንጂ እዚያው አይቆረጥ። በየማዕዘኑ፣ በረጅም ግድግዳ መሐልና በሮች አጠገብ ኮለን፣ ማለትም ፌሮ ያለበት የአርማታ ምሰሶ፣ ይኑር። እንዳንተ ላለ ባለ አንድ ወለል ቤት ቺሊዎች የሚሠሩበት ዘዴ ይበጃል፦ ግድግዳውን ዳሩን እንደ ጥርስ ወጣ ገባ አድርገው ቀድመው ይገነባሉ፣ ኮለኑን ከዚያ በኋላ በጥርሱ መሐል ይሞሉታል። ግድግዳውና ኮለኑ ተናክሰው አንድ ይሆናሉ። እኛ ጋ ኮለኑን ቀድሞ አቁሞ ብሎኬቱን በኋላ መሸጎጥ ስለለመድን ግንበኛህ ሊያንገራግር ይችላል፤ አንተ ግን ጽና። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

በጅማና በአዲስ አበባ ከፌሮ ሠራተኛነት ተነሥቼ ፎርማን እስክሆን ድረስ የማውቃት አንዲት ትንሽ ነገር አለች፤ ከሁሉ በላይ እሷን አደራ። ስታፋ ናት። ኮለኑን ዙሪያውን የምታቅፈው ቀጭን ፌሮ። ሠራተኛው ቶሎ እንዲሄድለት ጫፏን ቀጥ ባለ ማዕዘን፣ በ90 ዲግሪ አጥፎ ይተዋታል። ባዘቦት ቀን ምንም አይልም። ምድር ስትንቀጠቀጥ ግን የኮለኑ ሽፋን ሲረግፍ ያቺ ጫፍ ትከፈታለች፤ ዋናው ፌሮ ወደ ውጭ ይጎብጣል፣ ኮለኑ ይደቃል። ጫፏ 135 ዲግሪ ታጥፋ ወደ ኮለኑ ልብ መግባት አለባት። ያኔ ሽፋኑ ቢረግፍም አትለቅም። በኮለኑ ራስጌና ግርጌ ስታፋዎቹ ይቀራረቡ፤ ቢሙ ከኮለኑ ጋር በሚገናኝበት መስቀለኛ ውስጥም አይቅሩ። እዚያ ውስጥ ለመሥራት እጅ አይመችም፣ ስለዚህ ይዘሉታል። አርማታው የሚሞላበት ካሳፎርማ ከተዘጋ በኋላ ማንም አያየውም። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች፤ ባለቤቱ ከስታፋ ያተረፈው ብር የገዛ ልጆቹን ማሰሪያ ያሳጠረበት ነው።

አርማታውንም በአካፋ ግምት አታስቀላቅል፤ በሳጥን ይሰፈር። አሸዋውን ጨብጠህ እሸው፤ መዳፍህ ላይ አፈር ካስቀረ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ከሁሉ የከፋው ውሃ ማብዛት ነው። ሠራተኛ ለማፍሰስ ይቀለዋልና ባልዲ ይደግማል፤ ያ ትርፍ ውሃ ሲደርቅ በአርማታው ውስጥ ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ከተሞላ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ጣሪያህ ቆርቆሮ መሆኑ መልካም ነው፤ ቀላል ነው። ከቶፕ ታይ ቢሙ ፌሮ አስወጥተህ እንጨቱን በእሱ እሰር፣ በምስማር ብቻ አትመን። ከጣሪያው ሥር ያለውን ሦስት ማዕዘን በብሎኬት አትድፈነው፤ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው። በእንጨትና በቆርቆሮ ዝጋው።

ስለ ቦንጋ ፎቆች አንድ ቃል ብቻ። ምድር ቤቱ ለሱቅ ብሎ ግድግዳ የለውም፤ ቀጫጭን ኮለኖች ብቻ ናቸው። ከላይ ግን ክፍል በክፍል ብሎኬት ተደርድሮበታል። እንዲህ ያለ ሕንፃ ሲናወጥ ጉዳቱ ሁሉ ታች ባለው ደካማ ወለል ላይ ይከማችና ከላይ ያለው እንዳለ ይቀመጥበታል። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ቱርክ ላይ ከ50,000 በላይ ሰው ሲሞት እንዲህ ያሉ ሕንፃዎች በብዛት ወድቀዋል፤ ጥሩ ሕግ ያላት አገር ናት፣ ሕጉ ግን ሥራው ቦታ አልደረሰም። እኛም ሕግ አለን። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲሻሻል የመጣ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የታደሰ የግንባታ ኮድ አለን፤ አገሩን በስጋት ቀጠና ከፍሎ ለየቀጠናው የሚሠራበትን ልክ ያስቀምጣል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ወጥቷል። እሱ ግን ዋና ዓይኑ ከተማ ላይ ነበር፤ ማንኪራ ድረስ ወርዶ ስታፋህን የሚቆጥር ሹም የለም። መርማሪው አንተው ነህ።

ቦታውን እንመልከት፤ ለእኛ አገር ከመንቀጥቀጡም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበት ተዳፋት ላይ ነው የምንኖረው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ላይ የሆነውን ሰምተሃል። መንቀጥቀጥ አልነበረም፣ ዝናብ ነው። ናዳው ቤቶችን ቀበረ፤ ጎረቤት ሊያወጣ ተጠራርቶ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጥቶ ቆፋሪዎቹንም ጨመራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ዝናብ የጠገበ ተራራ ላይ መንቀጥቀጥ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ደግሞ ከአንኮበር ታሪክ እናውቃለን፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ምድር ተናውጣ ተዳፋቱ ቤቶችን ይዞ ወርዷል።

ለመኪና እንዲመች ብለህ የመረጥካት ቦታ ከኋላዋ ተቆርጣ የቆመች ናት። አልወደድኳትም። ቁልቁለቱ ላይ ያሉት ዛፎች ግንዳቸው ወደ ታች ጎብጧል፤ አፈሩ በዝግታ እየሄደ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። ክረምት ላይ ምንጭ ፈልቆባት ያየሁ ይመስለኛል። ከላይዋ ደኑ ተመንጥሮ ጫት ተተክሏል። ወደ ቀኝ ወጣ ብሎ ያለው ወገብ፣ እንሰቱ ያለበት፣ ድንጋዩ ቅርብ ነው፤ በዶማ ቆፍረህ እየው። መንገዱ ትንሽ ይርቅብሃል፣ ጎመን በጤና ነው። ከላይ ያለው ደን ደግሞ የቡና እናት ስለሆነ፣ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ስለተመዘገበም ብቻ አትጠብቀው፤ ሥሩ ያንተን ኮረብታ ይዞ የቆመ ነው።

ወንዝ ዳር ወዳለው ረግረግ ውረድ የሚልህ ሰው እንዳለም ሰምቻለሁ፤ ሜዳ ነው፣ ቁፋሮው ይቀልሃል ብሎ። መስከረም 9 ቀን 1978 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲን ያፈረሳት መንቀጥቀጥ የተነሣው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ባሕር ዳር ነው። በመንገዱ ያሉት ድንጋያማ ቦታዎች ያን ያህል አልተጎዱም፤ ከተማዋ ግን የደረቀ ሐይቅ ጭቃ ላይ ስለተሠራች ጭቃው ንውጥውጡን አባዝቶ ሕንፃዎቹን ጣላቸው። ከስምጥ ሸለቆ መራቃችን የሚጠቅመን ጠንካራ መሬት ላይ ከቆምን ነው።

ንውጥውጡ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ? ቀላል የጭቃ ቤት ውስጥ በር አጠገብ ከሆንክ ውጣ፤ ከዛፍና ከግንብ ራቅ። ፎቅ ላይ ከሆንክ ደረጃ ላይ አትጋፋ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተህ እግሩን ያዝ፣ ራስህን ሸፍን፣ እስኪያልፍ ጠብቅ። ቁምሳጥኑን ዛሬውኑ ከግድግዳ ጋር እሰረው። ሲያልፍ እሳትና ሲሊንደር ይጥፋ። ከዋናው በኋላ ተከታይ አይቀርምና የተሰነጠቀ ቤት ውስጥ ዕቃ ለማውጣት አትመለስ፤ ከጎፋውም የምንማረው ይኸው ነው፦ ሰው ለማውጣት ስትሮጥ አንድ ሰው ከላይ ተራራውን እየተመለከተ ይቁም፣ ሲንቀሳቀስ ካየ ይጩኽ።

ስለ መንደራችን ትምህርት ቤት ደግሞ በሚቀጥለው የመንደር ስብሰባ ተናገር። የግንባታ ኮዱ ለትምህርት ቤት ከተራ ቤት ይልቅ 1.2 እጥፍ፣ ለሆስፒታል 1.4 እጥፍ ኃይል ታሳቢ ተደርጎ እንዲሠራ ያዛል። በክፉ ቀን ሁሉም የሚሮጠው ቦንጋ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ነው፤ ልጆቻችን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ናቸው። ኔፓል ላይ ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ዓ.ም. 7.8 ሲመጣ ወደ 9,000 ሰው ሞተ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበረና ትምህርት ቤቶች ዝግ ናቸው፤ ባይሆን ኖሮ በሺህ የሚቆጠሩ ክፍሎች በተማሪ ላይ በወደቁ ነበር። ቀደም ብለው ግድግዳቸው ታስሮ የተጠናከሩ የካትማንዱ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ግን ቆመው ተገኙ፤ መጠለያም ሆኑ። የኔፓል መንደር የእኛን ይመስላል፤ ተራራ ነው፣ ድንጋይና ጭቃ ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው።

ከጥፋቱ በኋላ ያደረጉትም አስደንቆኛል። መንግሥት ቤቱ ለፈረሰበት ሰው 300,000 የኔፓል ሩፒ በሦስት ዙር ሰጠ። የመጀመሪያውን ይወስዳል፣ መሠረቱን ያወጣል፤ መሐንዲስ መጥቶ አይቶ መሠረቱ ልክ ከሆነ ሁለተኛውን ይሰጠዋል፣ ግድግዳው በማሰሪያ ከታሰረ ደግሞ ሦስተኛውን። ቤቱን የሚሠራው ባለቤቱ ነው፣ ገንዘቡ ግን ማሰሪያውን ይጠይቃል። መዘግየት ነበረ፣ ቅሬታም ነበረ፤ ሆኖም ሰዉ የፈረሰውን ቤት መልሶ እንዳያቆመው ያደረገ ብልሃት ነው። በ2017ቱ መንቀጥቀጥ ከአዋሽና ከዱለቻ የተፈናቀሉት ወገኖቻችን ሲመለሱ እንዲህ ቢደረግላቸው እመኛለሁ። ድንኳን ውስጥ ያለ ሰው ቶሎ ቤት ይፈልጋል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዳይሆንበት የሚያስጠጋውና የሚያስተምረው ያስፈልገዋል። የአፋር ሰው ደግሞ ቤቱ ከብቱ ነው፤ ግጦሹ ካልታሰበለት ብሎኬት ቢሠሩለት አይኖርበትም።

እኛ ጋ ያለው እድር ለቀብር ብቻ ድንኳንና ወንበር ያስቀምጣል። ድጅኖ፣ አካፋ፣ መጋዝ፣ ወፍራም ገመድ፣ ቃሬዛና ባትሪ ይጨመርበት። ማን ቤት አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ፣ ማን ቤት አራስ እንዳለ ዝርዝሩ በሊቀ መንበሩ እጅ ይሁን። ከየወር መዋጮው ጥቂቷ ለወደቀ ቤት መጠባበቂያ ትቀመጥ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የምሕንድስና ትምህርት የሚማሩ ልጆቻችንም ለዕረፍት ሲመጡ ቡና ለቀማ ብቻ አይውሉ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ የመንደሩን ቤቶች ይዩ፣ የቱ ግድግዳ ማሰሪያ እንደሌለው ይጻፉ። ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አያገኙም። እኔም መጋጠሚያውንና ሐረጉን አሳያቸዋለሁ፤ እነሱም ስሌቱን ለእኛ ይንገሩን። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ዝናቡ ሳያባራ ቁፋሮ አትጀምር። እንሰቱ ያለበትን ወገብ ቆፍረህ ድንጋዩ በስንት ክንድ እንደተገኘ ንገረኝ። ከግንበኛው ጋር ስትዋዋል የሦስቱን ቢምና የስታፋውን ነገር በወረቀት አስፍር፣ ሁለት ሽማግሌ ይፈርም። ገንዘቡ ካነሰህ ሦስት ክፍል መሆኑ ይቅርና ሁለት ክፍል ሥራ፤ ከፌሮው ግን አትቀንስ። የአባትህን ቤት ወጋግራ አትፍለጠው፤ ለኩሽናው ይሆናል። ፌሮው በጥቁር ሽቦ ታስሮ ሲያልቅ፣ ካሳፎርማው ሳይዘጋ፣ ሰው ላክብኝ፤ ሜትሬን ይዤ እመጣና አንድ በአንድ እናየዋለን። እኔ ሳላየው እንዳትሞላው።